ዓይኑ የጠፋው ማዕበል

ሰኞ፣ ነሐሴ 4
ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ፣ ቁልፉንም ራሴ እተክላለሁ። ደረጃውን ያለ ማንም እጅ እወጣለሁ። ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረችው ይመስላል... ቢሆንም የኔ ነው።
ምራቴ መጣች። ልጄ ያለበት መርከብ መንገድ ላይ ማዕበል አለ አለች። ታዲያ መርከበኛ ምን ሊገጥመው ኖሯል?

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 5
ልጄ ከመርከቡ ወደ ምራቴ ስልክ ደወለ። ስልኩን ዘረጋችልኝ። «አባባ፣ አንዴ ያናግሩት፤ ድምፃቸውን ልስማ ይላል።» እናቱ ስትቀበር ያልመጣ፣ አሁን ሲፈራ አባት አስታወሰ? «ማዕበሉ ሲያልፍ ይደውል» አልኳት። ስልኩ ክፍት ነበር። ሰምቶ ይሆን?

ረቡዕ፣ ነሐሴ 6
ሃያ ሁለት ዓመት በር ወደ ጠበቅሁበት የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ጎራ አልኩ። ሐሳብ ገብቶኝ አይደለም። ሳልፍ ነው።
ባለሙያዋ ልጅ የሳተላይቱን ሥዕል ከፈተችልኝ። የሚሽከረከር ነጭ ጥጥ፣ መሃሉ ላይ ጥቁር ቀዳዳ።
«ዓይኑ ነው አባባ። እንዲህ ጥርት ካለ ጉልበት አለው።»
«መርከቡስ?»
«ከዚህ አይታይም።»
«ሰው የማያሳይ መነጽር ምን ይሠራል?»
ሳቀች። «ኃላፊውን መታወቂያ የለህም ብለው ከበር የመለሱ ሰውዬ! ዛሬም ያው ነዎት።»

ሐሙስ፣ ነሐሴ 7
ጠዋት ሄድኩ። ዓይኑ ጠፍቷል! ደመናው እንደ ነተበ ጨርቅ ተበጣጥሷል። ቀዝቃዛ ውኃ ላይ ደርሶ ደክሟል አለች ባለሙያዋ። «ግን አባባ፣ ነፋሱ ቢደክምም ሞገዱ ቶሎ አይተኛም...» «ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ባሕር ታስተምሪኛለሽ?» ብያት ወጣሁ።
ለምራቴ «አለቀለት፣ እንቅልፍሽን ተኚ» አልኳት። ሲደውል ምን ልበለው? «እንዴት ነህ» ብቻ ይበቃል? ከሰዓት ጢሜን ተላጨሁ። ለስልክ! የጅል ሥራ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 8
አልደወለም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 9
አልደወለም። ምራቴ «ማዕበሉ አለቀለት ብለውኝ አልነበር?» አለች።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 12
ከመርከቡ ድርጅት ሰው መጣ። ሐሙስ ከሰዓት ነው አለ። ነፋሱ ጋብ ሲል ልጄ የላላ ገመድ ሊያጠብቅ ወጣ... አንድ ሞገድ። ሦስት ቀን ፈልገው አጡት። ሌሎቹ ደህና ናቸው።
ሐሙስ ከሰዓት። እኔ ጢሜን ስላጭ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 14
ባለሙያዋን የዚያን ቀን ሥዕል አሳዪኝ አልኳት። መርከቡ የነበረበትን ቦታ ጣቴን ይዛ አስነካችኝ። ደመና እንኳ የለበትም። ሰማያዊ። ያማረ።
ደረጃውን ስወርድ ክንዴን ያዘች። ተዪኝ አላልኳትም።
ዕዳዬን ራሴ እከፍላለሁ። ማንም አይግባበት።
ለባለሙያዋ፦ «አጥፍቻለሁ» ማለት።
ለምራቴ፦ ዘመዱ ሁሉ «ከአባቱ ሳታገናኚው ቀረሽ» እያለ ይወቅሳታል፤ ዝም ትላለች። ስልኩን እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ ብዬ በሁሉም ፊት ቆሜ መናገር። ነገ።
ለልጄ፦ አንድ «እንዴት ነህ»። እሱንም ራሴ... የት ሄጄ እንደምከፍለው እንጃ።