ለውድነህ ያልነገርነው

ይድረስ ለእህቴ ለእትዬ ሙሉነሽ፣ ደብረ ብርሃን

ወንድማችን ውድነህ ትናንት ሐሙስ ደውሎ የጓንዡውን ሱቅ ኪራይ ለአንድ ዓመት አድሶ እንደፈረመ ነገረኝ።

እትዬ፣ እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎ ብርዱን እንዴት ቻለው? ክረምቱ ሲወጣ ሳልዎ ተወዎት ወይስ አሁንም እንቅልፍ ይነሳዎታል? ባለቤትዎ ጋሽ ዳኛቸውስ ዓይናቸውን ታክመው ተሻላቸው? እኛ ለክፉ አንሰጥም፤ ዓመቱን ለእርስዎም የደህና ያድርግልዎ። በስልክ ብጀምረው ለቅሶ ስለሚቀድመን ነው ወረቀት ያነሳሁት። እሑድ የምትበረው ጎረቤቴ እንቁ በእጅዎ ትሰጥዎታለች። እባክዎ ለብቻዎ ያንብቡት።

ውድነህን ላስታምም ብቻዬን ሄጄ ጓንዡ ስለቆየሁባቸው ዐሥራ ዘጠኝ ቀናት በደንብ አጫውቼዎት አላውቅም። ሙቀቱ እንደ እርጥብ ጨርቅ ፊት ላይ ይለጠፋል። ቋንቋውን ስለማላውቅ ውድነህ አልጋው ላይ ሆኖ ሦስት ወረቀት በቻይንኛ ጻፈልኝ፤ አንዱ የማድርበት ሆቴል፣ አንዱ የሐኪም ቤቱ አድራሻ፣ ሦስተኛው «ሥጋ፣ ዕንቁላልና ወተት አልበላም» የሚል። ፍልሰታ ነበረ። አንድ ቀን ተሳስቼ የምግቡን ወረቀት ለታክሲ ነጂ ብሰጠው ሆዱን እየዳበሰ ሳቀብኝ። የሾርባ ቤቷ ሴት ደግሞ ወረቀቱን አንብባ ራሷን ነቀነቀችና አትክልቱን በሥጋ መረቅ ቀቅላ አመጣችልኝ። ለውድነህ ስነግረው «አንቺ ደግሞ ቻይናን በአንድ ወረቀት ልታስጾሚ!» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ።

እዚያ ሐኪም ቤት በሽተኛ የሚያስታምመው እንደኛው ዘመድ ነው። ጠዋት ጠዋት ፔርሙዝ ይዤ ከሴቶቹ ጋር ለፍል ውኃ እሰለፍ ነበር። አጠገቡ የተኙትን ሽማግሌ ልጃቸው ፍሬ እየላጠች ታጎርሳቸዋለች፤ ለእኔም ሳትቆርስልኝ አታልፍም። አንድ ቃል ሳንግባባ ተላመድን።

በስምንተኛው ቀን ሐኪሟ ወደ ሊፍቱ በር ወስዳ በእንግሊዝኛ ነገረችኝ። የጉበት ካንሰር ነው፤ ተሰራጭቷል፤ ቀዶ ጥገና አይረዳውም፤ የቀረው ወራት ነው። ለእርሱ አልነገሩትም፤ መጀመሪያ ለቤተሰብ መንገር ልማዳቸው መሆኑን አስረዳችኝ። እንደ አገራችን ስለሆነብኝ አልገረመኝም። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ለእርስዎ ደወልኩ። ያሉኝን ያስታውሱታል፤ «እንዳትነግሪው! ልቡ ቀድሞት ይሞታል። በእናታችን አጥንት ገዝቼሻለሁ» አሉኝ። ተመልሼ ጉበቱ ትንሽ ተቆጥቷል፣ በኪኒን ይድናል አልኩት። እትዬ፣ ፊቱ ሲበራ ቢያዩት!

ከዚያ ወዲያ አገር ግባ ብዬ ብለምነው በምን አፌ ላሳምነው? «ለኪኒን ብዬ ሱቄን ልዝጋ? ፀዳልዬ፣ አሜሪካ አሞላቃሻለች» አለኝ። ከሐኪም ቤት በወጣ በሦስተኛው ቀን፣ ሰፍቶት የሚወርደውን ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ አውቶቡሱ ድረስ ሸኘኝ። ለገና ደብረ ብርሃን እንገናኝ ብሎኝ ነው የተለያየነው።

እዚህ ኦሮራ፣ ፒዮሪያ ስትሪት አጠገብ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ፣ ሐኪሙ የሚናገረው ለበሽተኛው ለራሱ ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጭካኔ ነው ስል ኖሬያለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን የማጥባቸው አንድ ሽማግሌ ቁርጡ ተነገራቸው። ሁለት ቀን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ስልክ እንዳቀብላቸው ጠይቀው ለዘጠኝ ዓመት ያኮረፉትን ወንድማቸውን ጠሩ። ወንድምየው በማግስቱ መጣ። ቤት ገብቼ ይህን ሳወራ ልጄ ሔቨን «ማሚ፣ ዛትስ ኖት ፌር፤ አንክል ውድነህም ማወቅ አለበት» አለችኝ። ተቆጣኋት። ባለቤቴ ጳውሎስም ከልጁ ጋር ወገነ።

እትዬ፣ እርስዎን መውቀሴ አይደለም። እናት ሆነው ያሳደጉን እርስዎ ነዎት፤ ውሸቱም የወጣው ከእኔ አፍ ነው። ነገር ግን ቁርጡን ቢያውቅ ኖሮ ያንን ውል አይፈርምም ነበር። ሐኪሟ በአውሮፕላን መጓዝ የሚችለው ምናልባት እስከ ጥቅምት መጨረሻ ነው ብላኛለች። ስለዚህ ለጥቅምት 3 የጓንዡ ቲኬት ቆርጫለሁ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ እውነቱን ነግሬው፣ እሺ ካለኝ ይዤልዎት ልምጣ። ሳይፈቅዱልኝ ግን አልደፍርም፤ ከግዝቱ ይፍቱኝ።

የጋሽ ዳኛቸውን ጉልበት ሳሙልኝ። ልጅዎ ሶሲ ፈተናዋን በማለፏ እልል ብያለሁ በሏት። ወንድሟን አዶኒያስንም ግንባሩን ሳሙልኝ። ጳውሎስና ሔቨን እጅ ይነሳሉ። ቢፈቱኝም አይሆንም ቢሉኝም፣ ቃልዎን እስከ እሑድ መስከረም 25 በስልክ እጠብቃለሁ።

እህትዎ ፀዳል
ኦሮራ፣ ኮሎራዶ
መስከረም 9 ቀን 2007 ዓ.ም.