ሂናው የሠርግ አይደለም

ይድረስ ከእናት ሳታንሺ ላሳደግሽኝ ለእትዬ፣

እንዴት ነሽልኝ እትዬ፣ በጣም እንዴት ነሽ፣ ወገብሽስ ተሻለሽ ወይ፣ ልጆችሽስ ባልሽስ ደህና ናቸው ወይ፣ የእማዬ ዓይን እንዴት ሆነ፣ አባባስ ያ ሳል ለቀቀው ወይስ አሁንም ቤቱን እያናወጠው ነው፣ ታናሻችን ሚጢስ እንዴት ናት፣ ሚጢን ደግሜ ነው የምጠይቅሽ፣ እዚያው ናት አይደል፣ ይሄ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ሚጢ እዚያው ቤት ውስጥ ካለች ሌላው ሁሉ ይቅር። እኔ አለሁ። ደህና ነኝ እንዳልልሽ ደህና አይደለሁም፣ ታምሜያለሁ እንዳልልሽ ትደነግጫለሽ፣ ስለዚህ አለሁ ነው የምልሽ።

እትዬ አፈር ስሆንልሽ፣ እንደ ልማዳችን ሁሉንም ሰብስበሽ ጮክ ብለሽ እንዳታነቢው። መጀመሪያ ጓዳ ግቢና ብቻሽን አንብቢው። ለእነሱ የሚነበበውን መጨረሻ ላይ ለይቼ እጽፍልሻለሁ። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ፣ ድሮም ከአራተኛ ክፍል ያለፈ ትምህርት የለኝም፣ አሁን ደግሞ እስክሪብቶው ላይ ጨርቅ ጠቅልዬበት ነው የያዝኩት፣ ጣቴ ሲታጠፍ ቆዳው ይሰነጠቃል። ወረቀቱ ላይ ቢጫ ነገር ካየሽ የእጄ ነው፣ አትንኪው።

ከፎቶው ልጀምርልሽ። እጄ ላይ ጥቁር ሂና አድርጌ የላክሁላችሁ ፎቶ። እኔ እኮ ፊቴን እንድታዩልኝ ነበር የላክሁት፣ እማዬ ግን ፊቴን ትታ እጄን አየች። እልል አለች አልሽኝ፣ ጎረቤቱም መጥቶ ልጅሽን ዳርሽ ወይ አላት አልሽኝ፣ አንቺም ማነው ሰውየው፣ ሥራው ምንድነው፣ እንዴት ከኔ ትደብቂያለሽ ብለሽ ተቆጣሽኝ።  እኔም እማዬ ደስ ካላት ደስ ይበላት ብዬ አላረምኳችሁም። እማዬ ደግሞ ወዲያው፣ እሷ ካገባች ቦታዋ ክፍት ነው፣ ሚጢ ትሂድና ትተካት አለች። እትዬ ሰውዬ የለም። የተላከ ሽማግሌም የለም። ሂናው የሠርግ አይደለም፣ እጄን ልደብቅበት ያደረግሁት ነው።

እዚህ ሰው አገር ሥራችን አንሶላ ማጠብ እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ የሆቴልና የሆስፒታል አንሶላ። ማሽን አለ፣ ግን ማሽኑ እምቢ ያለውን እድፍ፣ ደሙን፣ ቅባቱን፣ የፊት መኳኳያ ቀለሙን፣ እኛ ነን ገንዳ ላይ ጎንበስ ብለን በእጃችን የምናሸው። በረኪናን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ እሱ እንኳን ዘመድ ነው። ሌላ ሰማያዊ ጀሪካን አለ፣ ላዩ ላይ የነበረው ጽሑፍ ተልጦ የቀረ፣ ክዳኑ ሲከፈት አፍንጫ የሚሰነጥቅ፣ እድፍ ማስለቀቂያ ነው የሚሉት፣ እውነትም ያስለቅቃል፣ እድፉን ብቻ መስሎኝ ነበር እንጂ። ጓንት ሰጥተውናል፣ ግን የተቀደደ ነው፣ ውሃው በቀዳዳው ይገባና እዚያው ታፍኖ ሲያቃጥልሽ ይውላል፣ ከሱስ ባዶ እጅ ይሻላል ብለን አወለቅነው። እንግዳ ሊጎበኝ ሲመጣ አዲስ ጓንት ይታደላል፣ እንግዳው ሲወጣ ይሰበሰባል።

መጀመሪያ መዳፌን ሲያሳክከኝ ሴቶቹ ገንዘብ ልታገኚ ነው አሉኝና ሳቅን። ከዚያ ቀላ፣ ከዚያ በጣቶቼ መሀል ትንንሽ ውሃ የቋጠረ ነገር ወጣ፣ ከዚያ ፈነዳ፣ ከዚያ ተሰነጠቀ፣ ጨርቅ ስጨምቅ ስንጥቁ አፉን ይከፍታል እትዬ። እጅ ይለምዳል አሉኝ። እሺ ይልመድ ብዬ ጠበቅሁ። እኔ ቆሻሻው ነው የሚያሳክከኝ ብዬ ማታ ማታ በሳሙና እፈትገው ነበር፣ ለካ ቁስሌን በገዛ እጄ እየላጥኩ ነው።

አለቃችን አለች፣ እሜቴ ጓንት ነው የምንላት፣ ነጭ የጨርቅ ጓንት ከእጇ አይወልቅም፣ በሱ ነው የታጠበውን አንሶላ እየዳሰሰች የምታየው። ጠዋት ጠዋት ተሰልፈን እጃችንን እንዘረጋለን፣ እሷ እንደ ሥጋ ገበያ ገልበጥ ገልበጥ ታደርገዋለች። ቁስል ያየችባትን ከሰልፉ ታወጣታለች፣ ሰው የቆሰለ እጅ ያጠበው አንሶላ ላይ አይተኛም ትላለች፣ የወጣችው ከሰዓት በኋላ አልጋዋ ባዶ ሆኖ ይታያል። ሂና ግን አትከለክልም፣ ሂና ያደረገችውን ሙሽራ ናት ብላ ታልፋታለች።

ከኔ በላይ ያለው አልጋ ላይ የምትተኛ ልጅ አለች፣ ሳቂታዋ እንላታለን፣ መተኮሻ ክፍል ነው የምትሠራው፣ እጇ እንደ ሕፃን እጅ ነው። ብልሃቱን ያመጣችው እሷ ናት። ቀዩ ሂና ቅላቱን አይሸፍነውም፣ የፀጉር ቀለም እንጨምርበትና ጥቁር ይሁን አለች፣ ጨመርን፣ ማታ ተቀብተነው ጠዋት እንደ ሬንጅ ጠቆረ፣ አማረም። በአንድ ሳምንት የገንዳው ሴት ሁሉ ሙሽራ ሆነ። ሳቂታዋ አጨብጭባ፣ ሙሽራ በሙሽራ ሆንን፣ የጠፋው ወንዱ ነው፣ አንድ እንኳን ተገኝቶ ለሁላችን ይድረሰን አለችና ጎናችን እስኪያመን ሳቅን። ፎቶውንም ያነሳችኝ ያን ቀን ነው።

ሳቁ አልቆየም እትዬ፣ ከድጡ ወደ ማጡ ነው የገባሁት። ቀለሙ ያረፈበት ቦታ ሁሉ በሥዕሉ ልክ አበጠ፣ አበባው አበባ ሆኖ፣ ቅጠሉም ቅጠል ሆኖ ተነፋ፣ ውሃ ቋጠረ፣ እስከ ክርኔ ወጣ፣ በእንቅልፌ ዓይኔን አሽቼ ኖሮ ዓይኔም ተደፈነ። ሳቂታዋ እጄን ይዛ ወደ መድኃኒት ቤት ስትወስደኝ መንገዱን ሁሉ፣ ሙሽሪት ዓይንሽን ክፈች፣ ሙሽራው መጣ እያለች ነበር። እኔም እየሳቅሁ ነበር፣ ምን ላድርግ።

ባለመድኃኒቱ በመስታወቱ ማዶ ሆኖ እጄን አየ፣ አልነካኝም። ጀሪካኑ ቆዳሽን ገፎታል፣ በተገፈፈው ላይ ደግሞ የፀጉር ቀለም ጨመርሽበት፣ ከእንግዲህ ሰውነትሽ በእነዚህ ነገሮች ላይ ቂም ይዟል፣ ትንሽ ከነካሽው ያነሳብሻል፣ የምሰጥሽ ቅባት የሚሠራው ከራቅሽው ብቻ ነው አለኝ። ከራቅሁት ምን እበላለሁ አልኩት። ቀጣይ አለ፣ ከኋላዬ ያለውን ሰው ነው የጠራው።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። በር ላይ የጣት ማሽን አለ፣ ስንገባ አውራ ጣታችንን እናስነካዋለን፣ አረንጓዴ ካበራ መጥተሻል፣ ቀይ ካበራ አልመጣሽም። የኔን ቀይ አበራ። ጠረግሁት፣ እፍ አልኩበት፣ ቀይ። ሌላውን ጣቴን ሞከርኩ፣ ቀይ። ከኋላዬ የተሰለፉት፣ ማሽኑ ጠላሽ፣ ሳሚው እስኪ አሉኝ። ጣቴን ወደ መብራት አቅርቤ ሳየው መስመሮቹ የሉም እትዬ። እነዚያ ከልጅነታችን ጀምሮ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ታጥበው ሄደዋል፣ ጣቴ እንደ ታጠበ ሳህን ልሙጥ ነው። እዚያው በሩ ላይ ቆሜ አልመጣሽም ተባልኩ።

ያባርሩኛል ስል አላባረሩኝም። እሜቴ ጓንት ሳቂታዋን ጠራቻትና ማሽኑ ላይ በኔ ስም የሳቂታዋን የቀለበት ጣት አስገባች። ሳቂታዋ ጠዋት ስትገባ በአውራ ጣቷ ራሷን፣ በቀለበት ጣቷ እኔን ታስገባለች። ለካ በሌሎቹ ጣቶቿ ደግሞ እነዚያ አልጋቸው ባዶ የቀረው ሴቶች አሉ፣ በመዝገቡ አሁንም እየሠሩ ነው፣ ጣቷ ላይ ናቸው፣ ስማቸው የሚያገኘውን ደመወዝ ማን እንደሚወስደው እኔ አልጠየቅሁም። ለምን እንዲህ ታደርጊያለሽ ስላት ሳቂታዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀችም። እምቢ ካልኩ ነገ ገንዳ ላይ ነኝ፣ እጅሽን አይቼዋለሁ አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ፣ አይዞሽ፣ አንቺን የቀለበት ጣቴ ላይ ነው ያደረግሁሽ፣ ሙሽራዬ ነሽ አለችና ሳቀች። 

እኔን ከኋላ ክፍል አስቀምጠውኛል፣ የደረቀ አንሶላ አጥፋለሁ፣ ሰው እንዳያየኝ በሩ ይዘጋል። ለምን እንዳቆዩኝ የገባኝ እሜቴ ጓንት ወረቀት ይዛ ስትመጣ ነው። እህት አለችሽ አሉ፣ ቆዳዋ እንዴት ነው አለችኝ። እንደ ሰው ስለ ጤናዋ መጠየቋ መስሎኝ ጥሩ ነው አልኳት፣ ምላሴ በተቆረጠ። የጥሪ ወረቀት ነው ያመጣችው፣ ጠሪዋ እኔ ነኝ፣ ተጠሪዋ ሚጢ ናት፣ ከሥር የጠሪዋ አውራ ጣት ይደረግበታል። ሚጢ መጥታ በኔ ስም፣ በኔ ገንዳ፣ በራሷ ጣት ትገባለች፣ ስትጠራም በኔ ስም ነው የምትጠራው፣ አዲስ ሰው ማስመዝገብ አድካሚ ነው አለች። እሷ ስትገባ አንቺ ወደ አገርሽ ትሸኛለሽ፣ እምቢ ካልሽ ግን ነገ ከበር ውጪ ነሽ፣ ማሽኑ እንደሆነ አያውቅሽም አለችኝ።

እምቢ አልኳት። እኔ እምቢ እንዴት እንደሚባል አላውቅም ነበር እትዬ፣ አንቺ ታውቂኛለሽ፣ ውሻ ሲጮህ ቀሚስሽ ውስጥ የምገባ ፈሪ ነኝ፣ ግን እምቢ አልኳት። አልተቆጣችም። ጣት የሌለው ሰው እምቢ ሲል አያምርበትም፣ ጣት እንደሆነ ሞልቶናል አለችና ወረቀቱን አጥፋ ወጣች። ስልኬንም ለእጅሽ አይበጅም ብላ ወስዳዋለች፣ ከዚህ በኋላ በስልኬ ሚጢን ላኩልኝ፣ ሠርጌ ደርሷል፣ ናፈቀችኝ የሚል ነገር ከመጣ እኔ አይደለሁም፣ እሷ ናት። ይሄን ደብዳቤ ፖስታ ቤት የሚያስገባልኝ አንሶላ ጫኙ ሹፌር ነው፣ እሱም ቶሎ በይ እያለኝ ነው።

እኔ ነገ ከበር ውጪ ነኝ። ሹፌሩ እስከ መናኸሪያ ድረስ አንሶላው መሀል አድርጌ አደርስሻለሁ ብሏል፣ ከዚያ ወዲያ አላውቅም። እማዬ ባዶ እጅሽን እንዳትመጪ ስትል በስልክ ሰምቻት ነበር፣ ባዶ እንኳን ቢሆን ጥሩ ነበር። በዚህ እጅ ማቡካት አልችልም፣ ማጠብ አልችልም፣ ልጆችሽንም ላቅፍ አልችል ይሆናል፣ ሲነኩኝ ያመኛል። እንዲያም ሆኖ ብመጣ በር ትከፍቺልኛለሽ አይደል። መልስ እንዳትጽፊልኝ፣ አድራሻ የለኝም።

ከዚህ በታች ያለውን አሁን ሁሉንም ሰብስቢና ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው።

እማዬ እንዴት ነሽ፣ ዓይንሽን እስመዋለሁ። ልጅሽ ሙሽራ አይደለችም፣ የእልልታሽን ነገር ለጎረቤት ምን እንደምትዪ አላውቅም፣ ሞታለች አትበዪ ብቻ።

የእትዬ ባል እንደምን ነህ፣ ልጆቹን ሳምልኝ፣ በረኪናውን ከፍ አድርገህ አስቀምጥ።

ሚጢዬ፣ የኔ ቆንጆ፣ ሻንጣሽን አዘጋጅተሽ ከሆነ ፍቺው። እጅሽን አሁን ወደ ብርሃን ዘርጊና እዪው፣ መስመሮቹን እዪያቸው። አንቺን ሳይሆን እነሱን ነው የሚፈልጉት።

አባባ፣ ከሳልህ ይማርህ። ስምህን መጻፍ ተማር ስልህ ምን ትለኝ እንደነበር ትዝ ይልሃል፣ ፊርማ ይሰረቃል፣ ጣት ግን አይሰረቅም ነበር የምትለው፣ አውራ ጣትህንም ታሳየኝ ነበር። ከዚህ ሥር አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አትሜልሃለሁ፣ አንተ አሻራ ታውቃለህና ለሁሉም አንተ አሳያቸው። ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ነው፣ አንድም መስመር የለውም። ሚጢን ላኩ የሚል ወረቀት ሲመጣ ከዚህ ጋር ጎን ለጎን አድርገህ እየው። አሻራው ጥርት ብሎ የሚታይ ከሆነ የኔ አይደለም፣ እሳት ውስጥ ጨምረው።

ጣትም ይሰረቃል አባባ።

ልጃችሁ፣
ከማጠቢያ ቤቱ ኋላ፣ ከማጠፊያው ክፍል፣
መጋቢት 9 ቀን፣ ጠዋት።