የፀዳለ ጸጉርና መምሬ ያላሉት ቃል

ማክሰኞ፣ ጥር 13

ዋሸሁ። ያውም ስለ ጸጉር። የታሪክ መምህር ነኝ፤ ስለ ነገሥታት እንኳ ዋሽቼ አላውቅም።

እህቴ ፀዳለ እሑድ ታገባለች። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን በተክሊል፣ ከቀትር በኋላ ድንኳን ውስጥ በቬሎ። ስለዚህ አንድ ጸጉር ጠዋት አክሊል፣ ከሰዓት ደግሞ ዓይነ ርግብ ሊሸከም ነው። እናትና አባታችን ካለፉ ወዲህ የቤቱ ትልቅ ሰው እኔ ስለሆንሁ የስልኳን ፎቶ ሁሉ አሳይታ አስተያየት ጠየቀችኝ። ያየሁት ይህ ነው፦

ከፍ ያለ ጥቅል። አክሊሉ ከላዩ ላይ አይቀመጥም፤ መምሬ ሲታገሉት ታየኝ።

የተለቀቀ፣ በቢጎዲን የተጠማዘዘ። የጥር ነፋስ የራሱ ሐሳብ አለው።

ዝቅ ያለ ጥቅል፣ ማጅራት ላይ። ዓይነ ርግቡ ከጥቅሉ በላይ ይሰካል። እሷ የምትፈልገው ይህን ነው።

ሹሩባ። «እሱን ተወው» አለች።

መተው ግን በእጃችን አልነበረም። አክስታችን እትዬ ጥሩወርቅ ዛሬ ከአምደወርቅ ገብተዋል። የእናታችን ታላቅ እህት ናቸው። በዘመዳችን ውስጥ እሳቸው ሳይሠሯት ያገባች ሴት የለችም። ሚዶአቸውን፣ ወስፌአቸውንና አንድ ቅል ቅቤ ይዘው መጥተዋል። ሚኒባስ ውስጥ ቅሉን ለማንም አላስያዙም አሉ፤ ታቅፈው ነው የመጡት።

«አንተ ንገርልኝ» አለች ፀዳለ። «ቅቤ ዓይነ ርግቡን ከነካው አለቀልኝ። አንተን ይሰሙሃል።»

ወጣሁ። ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ቅቤው ውስጥ የገባ ጉድፍ ይለቅማሉ። «አክስቴ፣ የዘንድሮ ሙሽሮች እኮ…» ብዬ ጀመርሁ። ቀና ብለው አዩኝ። እናቴ የምታየኝ እንደዚያ ነበር። ከዚያ አፌ ብቻውን ሄደ፦ «መምሬ ዓለሙ ቅቤ በነካው ጸጉር ላይ አክሊል አይደፋም ብለዋል።»

መምሬ ዓለሙ የቤተሰቡ የንስሐ አባት ናቸው። እንዲህ ያለ ነገር ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም።

ጭቅጭቅ ጠብቄ ነበር፤ ለጭቅጭቅ የሚሆን ነጥብም አዘጋጅቼ ነበር። አክስቴ ግን «እሳቸው ካሉ እንግዲህ» ብለው ቅሉን ከደኑት። በቃ። ከዚህ የቀለለ ድል በታሪክ መጽሐፍ አላነበብሁም።

ረቡዕ

ከፀዳለ ጋር የሙከራ ጸጉር ለማየት ሄለን ሳሎን ሄድሁ። እኔ ዳኛ ነኝ። ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር የተቀመጡት ሴቶች ዳኛውን ከእግር እስከ ራስ ገመገሙት።

ሄለን ሦስት ጊዜ ጠቅልላ ሦስት ጊዜ ፈታችው። ዓይነ ርግቡ ማበጠሪያ የመሰለ ጥርስ አለው፤ መጀመሪያ እየተንሸራተተ አስቸገረ፣ በኋላ ፒን ተጨመረበትና ያዘ። ፀዳለ መስተዋት ውስጥ ራሷን አየች። ከዚያ «እማዬ ብታየኝ» አለች። አምሮባታል። ይህን እጽፈዋለሁ፤ ሳምንቱ ከዚህ የተሻለ ነገር ላይሰጠኝ ይችላል።

ቤት ስንገባ አክስቴ ጓዳ ውስጥ ወደ ምሥራቅ ዞረው ይሰግዳሉ። ጾም ነው፤ የተለመደ መሰለኝ። ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ግን አውቃለሁ። ሲጨርሱ ጠሩኝ።

«ለመሆኑ ያለፉትስ?» አሉ።

«የቶቹ ያለፉት?»

«ቀብቼ ያስገባኋቸው ሙሽሮች ናቸዋ። መምሬ ስለነሱ ያሉት የለም?»

የለም አልሁ። እውነት ነው፤ ምንም አላሉም።

«እናትህን የሠራኋት እኔ ነኝ። ፀሐይ ነበር፤ ቅቤው ባንገቷ እየወረደ ነው አክሊሉን የደፉላት። እኔ ደግሞ ወዟን እያየሁ ደስ ይለኝ ነበር።» ቀጥለው «ልጆቿን ሳታሳድግ መሄዷ ለካ…» ብለው ተዉት።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፍቼም ነበር። የወጣው ግን «እህል አይቀምሱም?» የሚል ነው።

ሐሙስ

ውሸቱ እግር አወጣ።

ጠዋት ጎረቤታችን ወይዘሮ ትርንጎ አጥሩ ላይ ተደግፈው፣ በሚመጣው ሳምንት የምትዳረው ልጃቸው ሹሩባውን እንደተወችው ነገሩኝ። «መምሬ ከልክለው እንዴት ብዬ» አሉ። ከአክስቴ ነው የሰሙት። ቀትር ላይ ሄለን መንገድ ላይ አስቆመችኝ። «ሙሽሮቹ ሁሉ ወደኔ ዞረዋል። መምሬን እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ።»

ማምሻ ገበያ ዳር የሰማሁት ግን ከኔ የወጣ አይደለም። መምሬ በቅቤ የተሠራች ሙሽራ ትዳሯ አይጸናም ብለዋል ይባላል። ማን እንደጨመረበት አላውቅም። ክፍል ውስጥ ስለ አፈ ታሪክ አመጣጥ ሳስተምር ሁልጊዜ ምሳሌ ይቸግረኝ ነበር። ከእንግዲህ አይቸግረኝም።

አክስቴ ዛሬ መምሬ ዘንድ ውሰደኝ አሉ። ከሠርጉ በፊት ንስሐ ልግባ፣ በዚህ እጄ ሙሽራይቱን አቅፌ አልስምም ነው ነገሩ።

«መምሬ ሥራ በዝቶባቸዋል» አልሁ።

የመጀመሪያው ውሸት ሳይታሰብ ወጣ ማለት እችል ነበር። ይኼኛው ታስቦበት ነው። አክስቴ እራት አልበሉም። ማዕዱን ቀርበው፣ ቆርሰው፣ ለፀዳለ አጉርሰው ተነሡ።

ሌላው የሚቆረቁረኝ ነገር፦ ፀዳለ ደስ ብሏታል። «እንዴት አድርገህ አሳመንሃቸው?» አለችኝ። በጥሩ ንግግር አልኋት።

ዓርብ

መምሬ ዓለሙ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አገኙኝ። አገኙኝ ሳይሆን ጠበቁኝ ማለት ይሻላል።

«ና እስቲ መምህር» አሉ። «ትናንት አንዲት ሴት ስለሰጠሁት ትእዛዝ አመሰገነችኝ። ምን እንዳዘዝሁ ብጠይቃት ዕድሜዬን ታዝባ ሄደች። ምንድነው ያዘዝሁት?»

ነገርኋቸው። ሁሉንም፤ የእናቴንም፣ የአክስቴን ስግደትም።

«እኔ ስለ ቅቤ የማውቀው» አሉ፣ «ዛሬ ዓርብ እንደማይበላ ነው።»

ልስቅ ነበር። እሳቸው ስላልሳቁ ተውሁት።

«በስሜ የዋሸኸውን ይቅር ብዬሃለሁ። የአክስትህን ግን እኔ ይቅር ልልልህ አልችልም። ሂድና ንገራት።»

«ከሠርጉ በኋላ ቢሆንስ አባ? ደስታው እንዳይደፈርስ ብዬ…»

«የማን ደስታ?» አሉና መስቀላቸውን አሳልመውኝ ገቡ።

ፈሪ ሰው በመጀመሪያ ለሚቀለው ይናገራል። ለፀዳለ ነገርኋት። የያዘችውን ፒን ሁሉ አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እኔ አልፈልግም በልልኝ አልሁህ እንጂ» አለች፣ «እግዚአብሔር አይፈልግም በልልኝ አልሁህ?»

 

ቅዳሜ

ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይቆጠራል፣ ሁሉም ሰው ይጮሃል። አክስቴን ጓዳ አስገብተን ፀዳለና እኔ ከፊታቸው ተቀመጥን፤ እንደ ተያዘ ሌባ ጎን ለጎን።

«አክስቴ፣ መምሬ ስለ ቅቤ ምንም አላሉም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

 እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳርፈው «ልታጽናናኝ ነው» አሉ።

«አይደለም። እውነቴን ነው።»

«አንተ አትዋሽም። የተማርህ ሰው ነህ።»

እስከ ዛሬ ብዙ ተሰድቤአለሁ። እንደዚህ የገባ ስድብ አላስታውስም። ውሸቴን ባንድ ቃል ያመኑኝ ሴት እውነቱን በመሐላ አላምን አሉ።

ፀዳለ ናት የገላገለችኝ። «ሹሩባውን ያልፈለግሁት እኔ ነኝ። ዓይነ ርግቡን ቅቤ እንዳይነካብኝ ብዬ ነው። ልነግርዎ አፍሬ እሱን ላክሁት።»

አክስቴ ወደሷ ዞሩ። «ይኼን ለማለት መልእክተኛ ያስፈልጋል? ዛሬማ ሁሉም ቬሎ ነው። ለመልሱ እሠራሽ ነበር እኮ።»

 መልስ። ሠርጉ ካለፈ በኋላ ሙሽሮቹ ወደ እኛ ቤት የሚመለሱበት ቀን። ያን ቀን ቬሎ የለ፣ ዓይነ ርግብ የለ፣ በሐበሻ ቀሚስና በሹሩባ ነው የሚታየው፤ በከተማው ይህን የማያውቅ የለም። እሷ ነርስ፣ እኔ መምህር፣ ሁለታችንም ዲግሪ አለን። አንዳችን አላሰብነውም።

«ስለ ሹሩባው አምኛችኋለሁ» አሉ አክስቴ ሲነሡ። «ስለ እህቴ ግን ከመምሬ አፍ ካልሰማሁ አይሆንልኝም።» ከዚያ ለራሳቸው በአገራቸው ቋንቋ፣ በኽምጥኛ፣ የሆነ ነገር ተናገሩ። ጥቂት ቃል አውቃለሁ። የእናቴን ስም ለመስማት ግን ቋንቋ ማወቅ አያስፈልግም።

እሑድ፣ ከሁሉ በኋላ

እግሬ አብጧል። ባጭሩ ልጻፍ።

ቅዳሴው አማረ። አክሊሉ ጥቅሉን ሳይነካ ተቀመጠ። እኔ ግን አክሊሉን ሲደፉላት ያየሁት ሌላ አንገት ነው፤ በፀሐይ ቅቤ የሚወርድበት፣ ፎቶ እንኳ የሌለው።

ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ለመኪና ሲጋፋ አክስቴ መምሬን ዛፍ ሥር ያዟቸው። እጄን አልለቀቁም፤ ምስክር ይሁን ተከሳሽ እንጃ።

«መምሬ፣ እህቴን ቅቤ ቀብቼ ነው ያስገባኋት። አክሊሉን አርክሼባታለሁ ወይ?»

መምሬ ወደ እኔ አላዩም። «እናቴም ተቀብታ ነው ለአባቴ የተዳረችው እትዬ» አሉ። «እንዲያውም በዝቶ ነበር ይባላል። ይኸው ልጇ ቄስ ሆነ።»

አክስቴ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። እጄንም ለቀቁ። እስከ ምሳ፣ ከምሳም በኋላ፣ አላነጋገሩኝም።

ዓይነ ርግቡ ኬክ ሲቆረስ አንድ ጊዜ ተንሸራተተ። ሄለን ከየት እንደመጣች ሳይታወቅ በፒን ሰካችው። ፀዳለ እየሳቀች ነበር። ሙሽራ ስትስቅ ጸጉሯን የሚያየው የለም፤ ይህን ማክሰኞ ዕለት ባውቅ ጥሩ ነበር።

ሰኞ

መልስ ነው ዛሬ። አክስቴ ከማለዳ ጀምረው ፀዳለን በሁለት ጉልበታቸው መሐል አስቀምጠው ሠሯት። እየሠሩ ስለ እናታችን ሠርግ አወሩ፤ ዝናብ ይመጣል ተብሎ እንደተፈራ፣ ሙሽራዋ ከቅቤው ብዛት ዝንብ እየተከተላት እንደተሳቀ። እስከ ዛሬ ያልሰማነው ነው። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ ሰማሁ። ግባ አላሉኝም፤ ሂድም አላሉኝም።

ከሰዓት በኋላ ውሸቴን ልሰበስብ ወጣሁ። ወይዘሮ ትርንጎ «ታዲያ ማን ነው ያለው?» ሲሉ «እኔ ነኝ» አልሁ።  ሄለን ደግሞ «ገበያዬን ልትዘጋው ነው?» አለች። ገበያ ዳር ያለውን ወሬ ግን የት ሄጄ እንደምሰበስበው አላውቅም። ገና ይኖራል፤ እኔ ካለፍሁም በኋላ ሳይኖር አይቀርም።

ማክሰኞ

አክስቴን መናኸሪያ ላደርስ ጓዛቸውን ተሸክሜ ወጣሁ። መንገዱ የሚለይበት ስንደርስ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ታጠፉ። ተከተልሁ። የእናታችን መቃብር አጠገብ ስንደርስ ቆሙ።

«ሳምንቱን ሙሉ ይቅር በይኝ ስላት ሰነበትሁ» አሉ። «የበደልኋት ነገር ከሌለ በከንቱ አስጨንቄአታለሁ። ለኔ ነገርኸኝ፣ ለጎረቤት ነገርህ። ያልሰማች እሷ ናት። ሂድና ንገራት።»

«እኔ?»

«የዋሸው ሌላ አለ?»

ፊታቸውን አዙረው አንድ ወይራ ሥር ቆሙ፤ እንዳይሰሙ ነው። ሄድሁ። ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት ስቆም አፌ ደርቆ አያውቅም።

«እማዬ» አልሁ። «አክስቴ ምንም አላጠፉም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ቅቤው ምንም አልነበረበትም፤ መምሬም ብለዋል።» ሌላ የምለው ስላጣሁ «ፀዳለ አምሮባት ነበር» ብዬ ጨመርሁ። ከዚያ ትንሽ አለቀስሁ። ብዙ አይደለም።

ስመለስ «ጨረስህ?» አሉ።

«ጨረስሁ።»

«ድምፅህን አውጥተህ ነው?»

«አውጥቼ ነው።»

ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊቴ ቀደሙ። እስከ መናኸሪያ ድረስ ስለ ገብስ አወራን።

ሚኒባሱ ሞተሩን ካስነሣ በኋላ መስኮቱን ገፋ አድርገው ጠሩኝ። «ያንተዋን ሙሽራ ግን ለመልስ አልጠብቅም» አሉ። «በሠርጉ ዕለት ነው የምሠራት። ዓይነ ርግቧን ሌላ ቦታ ትስካው። ንገራት።»

የምነግራት ሴት የለችኝም፤ አክስቴም ያውቃሉ።

«እሺ አክስቴ፣ እነግራታለሁ» አልሁ።

መኪናው ሄደ። ይኼኛው ውሸት ይሁን ተስፋ ገና አልለየሁትም።