የልጅቷ የቤት ሥራ

አሰገደች የኔ ቆንጆ፣

ይህን የምጽፍልሽ ከኬንያው ሞያሌ ነው፤ ስልኬን ከፍርሃት የተነሳ አጥፍቼዋለሁ። እኛ ጋ የቤት ሥራ በደብተር ተሠርቶ፣ ታርሞ ያልቃል። እዚህ ልጆቹ ታብሌት ይዘው ነው የሚመጡት። ትናንት ያረፍኩበት ቤት ልጅ አባቷን በቪዲዮ እየቀረጸች፣ "ወደዚህ አገር እንዴት እንደመጣህ ንገረኝ፤ የቤት ሥራዬ ነው" አለችው። ለሰው ሁሉ "እዚሁ ኬንያ፣ ቡቲዬ ሰፈር ነው የተወለድኩት" እያለ የኖረ ሰው፣ አስተማሪዋ አማርኛ አትሰማም ብሎ፣ ከእነማን እንደሸሸ ስማቸውን እየጠራ ነገራት። ታብሌቱ ላይ ያለው እንደ ሰሌዳ ጽሑፍ የሚጠፋ መስሎታል። ልጅቷ ለክፍሏ ልካው "ሄደ!" ብላ ሳቀች።

ዛሬ እሱ ሱቅ ውስጥ ቆመን ሳለን፣ ከአንዲት ደንበኛ ስልክ የገዛ ድምፁን ሰማ።

"ማን ላከልሽ?" አላት።

"የእህቴ ልጅ፣ ከክፍላቸው ግሩፕ። ደስ ስላለኝ እኔም ማዶ ኢትዮጵያ ላሉት ዘመዶቼ ላክሁት!"

የሚመዝነውን ስኳር ወደ ጆንያው መለሰው። ሱቁን በጠራራ ፀሐይ ዘጋው።

ፖስት ካርድ ማንም ያነበዋልና ስሙን አልጽፍም። ቦታው አለቀብኝ፤ እማማን ሳሚልኝ፣ ልጆቹንም፤ ናፍቃችሁኛል። ቪዲዮው እዚያ ከደረሰ ፊቱን እንዳየሽ ታውቂዋለሽ። የሸሻቸው ሰዎች መጥተው ማነው ካሉሽ፣ አላውቀውም በይ።

ዋሪቱ