ለትርንጎ ልክ የምትሆን ሳይክል

ሰኞ

መግለጫ። ለኮኪት ሕዝብ በሙሉ፦ ዛሬ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ በእኔ በዳኘው ግቢ በራፍ፣ አንድ የመንግሥት ሳይክል በአንዲት የመንግሥት ሠራተኛ ላይ ወድቋል። በአደጋው አንድ ጉልበት፣ አንድ መዳፍና የአንዲት የጎረቤት ዶሮ ክብር ተጎድቷል። ዶሮዋ ደህና ናት። ሳይክሉም ደህና ነው። ትርንጎ ግን አልሳቀችም።

ያስደነገጠኝ አለመሳቋ ነው። ትርንጎ የልጅ ልጄ ናት፤ እናቷ ካረፈች ወዲህ በእኔ እጅ ነው ያደገችው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከሆነች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ስቀልድባት መጀመሪያ ትቆጣለች፣ ቀጥላ ትስቃለች፤ ልማዳችን ነው። ዛሬ ግን አቧራዋን አራገፈችና ሳይክሉን ግድግዳ አስደግፋ በእግሯ ሄደች።

አመሻሹ ላይ ምክንያቱን አወጣሁት። ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃምና ከወሎ የወረዱት ሠራተኞች፣ እኛ ሳሉግ የምንላቸው፣ ከወንዙ ማዶ ሰፍረዋል። ወባው ተነሥቷል። ሦስት ሰዓት ላይ ለቁርስ ሲሰበሰቡ ካልደረሰችባቸው በየእርሻው ይበተናሉ፤ የታመመውን ከጤነኛው መለየት አይቻልም። በእግር ደግሞ አይደረስም። ኃላፊዋ ቁርጡን ነግሯታል፦ «የሚመጣው ሰኞ እኔም እወርዳለሁ። ለቁርስ ካልደረስሽ ሳይክል የምትችል ሌላ ልጅ እዚህ እንመድባለን፤ አንቺ ገለጉ ትሄጃለሽ።»

ገለጉ! መኪና እንኳ እያማተበ የሚሄድበት አገር። እሷ ገለጉ ከሄደች እኔ እዚህ ማንን ላናድድ ነው?

ማክሰኞ

የመንግሥቱን ሳይክል መረመርኩት። ጥፋቱ ይኸው፦

የላይኛው ብረት ከፍ ያለ ነው፤ አንፈራጥጣው ስትቆም መሬት የሚነካው የእግሯ ጣት ብቻ ነው።

መሪው ሰፊ ነው፤ የበሬ ቀንድ ይዛ የምትታገል ትመስላለች።

ፍሬኑን ልጨብጥ ስትል ጣቷ አይደርስም። ቁልቁለት ላይ በጸሎት ነው የምትቆመው።

መቀመጫውን እስከ መጨረሻው አወረድነው። ብረቱ ግን አብሮ አይወርድም።

«ለማን ብለው ነው የገዙት?» አልኳት።

«ለጤና ኤክስቴንሽን ነዋ።»

«ጤና ኤክስቴንሽን ሁሉ ሴት አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ታዲያ?»

«አባባ፣ እኔን ምን ይጠይቁኛል!»

መዳፏን ከጀርባዋ ደበቀችብኝ። አይቼዋለሁ፣ ቆዳው ተልጧል። እሷ እንደወጣች ለገና ያቆየሁትን ሙክት ገበያ ወስጄ ሸጥኩት። ለምን እንደተሸጠ ሙክቱም አያውቅ፣ ትርንጎም አታውቅ።

ረቡዕ

እኔ ዓይኔ እስኪደክም ድረስ ዕድሜዬን ሙሉ የበቅሎ ኮርቻ የሰፋሁ ሰው ነኝ። ከሙሽራ እስከ ቄስ ስንቱን አስቀምጫለሁ፤ ከእኔ ኮርቻ የወደቀ የለም፣ ጠላ የጠጣውን ሳይጨምር። የእርካብ ጠፍር እንዴት እንደሚለካ ታዲያ ማን ያስተምረኛል? ከብብት እስከ ጣት ጫፍ ነው። ክንድህ የሚያህል ጠፍር እግርህን በልኩ ያሳርፋል።

ጠዋት ትርንጎን «ክንድሽን ዘርጊ፣ ሸሚዝ ላሰፋልሽ ነው» ብዬ በክር ለካኋት። ክሩን በኪሴ ይዤ መተማ ዮሐንስ ወረድኩ።

ኢድሪስ ሳይክል ጠጋኝ ነው፤ ይሸጣልም። ሥራውን የተማረው ገዳሪፍ ስለሆነ ግማሽ አፉ ሱዳን ቀርቷል።

ለማን እንደምገዛ ስነግረው «አባ ዳኘው፣ ልጅቷ የታለች?» አለኝ።

«ሥራ ላይ።»

«ያለ እሷ እንዴት ይሆናል?»

«ሙሽራዋን ሳላያት ኮርቻ ሰፍቼላት አውቃለሁ።»

«ይቺ አጀላ ናት» አለ፤ ሳይክልን እንዲህ ነው የሚጠራት፤ «በቅሎ አይደለችም!»

«በቅሎማ ብትሆን ካንተ አልገዛትም ነበር።»

ከመቀመጫው እስከ ታችኛው ፔዳል ክሩን ዘረጋሁ። አንዷ ብቻ፣ ብርቱካን መልክ ያላት አጭር ማውንቴን ሳይክል፣ ልክ ሆነች። ጎማዋ ወፍራም ነው። ዋልካው ሲደርቅ በሚሰነጠቅበት መንገድ ቀጭን ጎማ ስንጥቁ ውስጥ ይሰምጣል፤ ይህን እንኳ አውቃለሁ። ኢድሪስ ራሱን ነቀነቀ። «ካልሆነች ይመልሷት፣ ሰምተዋል?» አለኝ። የሰማሁ አልመሰልኩም።

ትርንጎ ስታያት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ሳመችኝ። ጉንጬ ላይ፣ በግራ በኩል። ዛሬ ከእኔ በላይ ሰው የለም።

ሐሙስ

መቀለድ አልችልም።

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እየዘፈነች ወጣች። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሳይክሏን እየገፋች ተመለሰች። ሁለቱም ጉልበቷ አብጧል።

«ስነዳ ጉልበቴ አገጬን ሊመታው ምንም አልቀረው» አለች። ወንዙ ጋ ስትደርስ እግሯ አልታዘዝ ብሏታል። ከዚያ ወዲያ ገፍታ ነው የደረሰችው፤ ቁርሱ አልቆ ሰዉ ተበትኗል።

አንድ የወሎ ልጅ ብቻ ዳሱ ውስጥ ተኝቶ አገኘች። ገላው እሳት ነው፣ ይቃዣል፣ እናቱን ይጠራል። ጓደኞቹ ድካም መስሏቸው ጋቢ ደርበውበት ሄደዋል። የምታውቀውን ሁሉ አደረገችለት፤ ከዚያም ሰሊጥ የጫነ አይሱዙ መሃል መንገድ ላይ ቆማ አስቁማ ወደ ሆስፒታል ላከችው።

«ለቁርስ ብደርስ ኖሮ» አለችኝ፣ «በእግሩ ተራምዶ ነበር መኪናው ላይ የሚወጣው።»

መቀመጫውን ከፍ ላደርግላት ሞከርኩ። ዘንጉ አጭር ነው፤ ከዚህ በላይ ብስበው ተነቅሎ እጄ ላይ ይቀራል። ለካ በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው ጉልበቱን አጥፎ ያርፋል፤ የምትለፋው በቅሎዋ ናት። ሳይክል ላይ የሚለፋው እግር ነው፣ መዘርጋት አለበት። ይህን ለማወቅ አንድ ሽማግሌ፣ ሁለት ጉልበትና አንድ የወሎ ልጅ አስፈለገ።

ዓርብ

ከሆስፒታል ወሬ የለም። ኔትወርክም የለም።

ትርንጎ እያነከሰች በእግሯ ሄዳ በእግሯ ተመለሰች። እግሯን በሞቀ ውኃና ጨው ስትነክር አጠገቧ ተቀመጥኩና ተናዘዝኩ።

«ክንድሽን የለካሁት ለሸሚዝ አልነበረም።»

«ታዲያ ለምን?»

ስለ እርካቡ ነገርኳት። እግሯን ከውኃው አወጣች።

«እንደ በቅሎ ጫኑኝ ማለት ነው?»

«በቅሎዋ ሳይክሏ ናት፤ አንቺ ሙሽራዋ ነሽ።»

ልትስቅ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፣ ግን ያዘችው። «ነገ አብረን እንሄዳለን። የምመርጠው እኔ ነኝ። እርስዎም ይምጡ፤ አፍዎን ግን እቤት ይተዉት።»

ቅዳሜ

አፌን ይዤ ሄድኩ፤ የት ላስቀምጠው?

ኢድሪስ ብርቱካናማዋን ሲያያት አልሳቀብኝም። ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። «ኸላስ፣ በቃ ትመለስ» አለና ሦስት አወጣ። ከዚያ እኔን ትቶ ትርንጎን አናገራት። «እህቴ፣ መልኳን አትዪ። መጀመሪያ አንፈራጥጠሽ ቁሚባት።»

አረንጓዴዋ፦ ታብረቀርቃለች፣ ማርሿ ብዙ ነው፣ እኔ ወድጃታለሁ። ብረቷ ግን ከፍ ያለ ነው፤ ፈተናውን ወደቀች።

ጥቁሯ፦ ቁመቷ ደህና ነው። ትርንጎ ተቀምጣ መሪውን ስትይዝ ግን ወገቧ ተለጠጠ፣ ክርኗ ተገተረ። «ሩቅ መንገድ ትሄጃለሽ?» አላት ኢድሪስ። «እሄዳለሁ።» «እንግዲያው ወገብሽ ይቆረጣል።» ወደቀች።

ሦስተኛዋ፦ ቀለሟ የተላላጠ፣ ቀድሞ ሰማያዊ የነበረች ይመስለኛል። የላይኛው ብረት ወደ ታች ያዘነበለ ነው፤ በቀሚስም ትሻገረዋለች፣ ከሥር ሱሪ ለብሳለች እንጂ። ስትቆምባት ሙሉ እግሯ መሬት ረገጠ። ኢድሪስ ሳይክሏን ይዞላት ተቀመጠች። «ተረከዝሽን ፔዳሉ ላይ አድርጊና ወደ ታች ርገጪ። ጉልበትሽ ቀጥ አለ?» «አለ።» «አሁን በእግርሽ ፊት ርገጪ። ትንሽ ታጠፈ?» «ታጠፈ።» «ታማም፣ ልክ ነው።»

ገበያተኛው ከቦናል። አንዱ ባለ ጥምጣም «ሴት ልጅ ሳይክል ላይ ምን አወጣት!» አለ። አፌን የያዝኩት እስከዚህ ነው። «ወባ ሲይዝህ በግመል ትመጣልሃለች» አልኩት። ሰው ሳቀ፣ ጥምጣሙም ሳቀ። ትርንጎ ግን ዞር ብላ አላየችንም። ፍሬኑን እየጨበጠች፣ እየለቀቀች ነው። «አይደርስልኝም» አለች፤ የመንግሥቱ ሳይክል ጉድ ነው። ኢድሪስ ከፍሬኑ መያዣ ሥር ያለችውን ትንሽ ብሎን አጠበቀ፤ መያዣው ወደ ጣቷ ቀረበ። መቀመጫውንም አውጥቶ ሰፋ ያለ አደረገላት፤ የሴት አቀማመጥ ሌላ ነው አለ። የስንት ሙሽራ ኮርቻ የሰፋሁ ሰውዬ፣ ይህን መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ገበያውን ዞራ መጣች። «ይቺ ናት።»

«አረንጓዴዋስ?» አልኩ።

«አባባ!»

እሑድ

ትርንጎ መቀመጫው የሚቆምበትን ቦታ በጥፍር ቀለም ምልክት አደረገችበት፤ ማንም እንዳይነካው አለች። ማንም ያለችው እኔን ነው።

የመድኃኒቱን ሳጥን ከኋላ ስታስር ሳይክሏ ትወላገዳለች። ሁለት ጊዜ ልትጥላት ነበር። ሳጥኑን ዝቅ አድርገን በጠፍር አሰርነው፤ የጠፍሩን ነገር እንኳ ለእኔ ተዉልኝ። ጉልበቷ አሁንም አልሻረም፤ ደረጃ ስትወጣ ፊቷን ታጨማድዳለች።

ሰማዩ ጠቁሯል። ያለ ወቅቱ ከዘነበ ዋልካው ጎማ ላይ ይለጠፋል፤ ያን ጊዜ ሳይክሏ ትርንጎን ሳይሆን ትርንጎ ሳይክሏን ነው የምትሸከመው። ዛሬ ምንም አልበላንም ማለት ይቻላል።

ሰኞ

ዝናቡ ሳይመጣ አደረ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጣች። ኃላፊዋ ዘግይቶ በሞተር አለፈ፤ ሰላምም አላለኝ። እኔ ወንበሬን በራፍ ላይ አውጥቼ፣ እግሬን አነባብሬ፣ እንደ ፍርድ ቤት ዳኛ ረጋ ብዬ ጠበቅኳት።

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ መጣች። እየነዳች። ከሳይክሏ ሳትወርድ ማውራት ጀመረች። ለቁርስ ደርሳለች። ኃላፊው ሞተሩን ሲያጠፋ እሷ የሰባተኛውን ሰው ጣት እየወጋች ነበር። አራቱ ወባ ተገኘባቸው፤ አራቱም መድኃኒታቸውን ቆመው ነው የዋጡት። የወሎው ልጅ ትናንት እህል ቀምሷል፣ ጓደኞቹ ነገሯት። ይህን ብላ ወረደችና ሳጥኑን መፍታት ጀመረች።

«ኃላፊውስ ምን አለ?»

«እስከ አጨዳው ማብቂያ እናያለን አለ።»

እናያለን ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም። ገለጉ አይደለም ማለት ግን ነው፤ ለአሁን።

አሁን አንድ ነገር ላርም። እስከዚህ ድረስ የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው፤ የዛሬው ወንበር ግን ፈጠራ ነው። አልተቀመጥኩም። እሷ ሳትወጣ በፊት በትራክተር ተሳቢ ተጭኜ ወንዙ ጋ ወርጄ፣ ከአንድ የቁርቁራ ዛፍ ጀርባ ተደብቄ ነበር። ቁልቁለቱን ስትወርድ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ፍሬኗን ይዛ አሸዋው ጋ ደርሳለች፤ ማርሽ ቀይራ፣ ፔዳሉ ላይ ቆማ ዳገቱን ወጣች። እግሯ ተዘርግቶ፣ ታጥፎ፣ ተዘርግቶ። አንገቷን እንኳ ሳታዞር ጮኸች፦

«አባባ፣ እሾሁ እንዳይወጋዎት!»

ወግቶኛል። እስካሁንም አልወጣልኝም፤ ይህን አልፈጠርኩትም።