በቃሌ የያዝኩት ሰሌዳ

ውድ የእህቴ ልጅ፣

ጽሕፈቴ ከመስመር ቢወጣ ስንፍና እንዳይመስልሽ። ወረቀቱ የተሰመረ ነው፤ መስመሩ የሚጣመመው በእኔ ዓይን ነው። አናጺውን «በሩን አጣመህ ገጠምከው» እያልኩ ሦስት ጊዜ አስመለስኩት። በመጨረሻ ውሃ ልኩን አስደግፎ «እማማ፣ በሩስ ቀጥ ብሏል» አለኝና መሣሪያውን ሰብስቦ ሄደ። እኔም በማግስቱ ወደ ክሊኒክሽ ሄድኩ።

ስምሽ ያለበት ጽሑፍ አሁንም ከበሩ በላይ ተሰቅሏል። መጀመሪያ ጠቅላላ ሐኪም፣ ቀጥሎ የዓይን ስፔሻሊስት፤ የዓይን ሞራ፣ ግላኮማ፣ የሕፃናት ዓይን። ከሥሩ ክፍት ቦታ ትተሻል፤ የሬቲና ትምህርትሽን ጨርሰሽ ስትመለሺ የምትሞዪው።

በቦታሽ የተተካው ወጣት ሐኪም ግራ ዓይኔን አስሸፈነኝ። የፊደል ሰሌዳውን እስከ ታችኛው መስመር አንበለበልኩለት። እስክጨርስ ሰማኝና ሰሌዳውን ገለበጠው።

«አሁን ደግሞ ይህን ያንብቡልኝ።»

ትልቁን ፊደል እንኳ አላየሁትም።

«እማማ፣ አስተማሪ ነበሩ አሉ» አለኝ እየሳቀ። «የሚኮርጅ ተማሪ ሲያገኙ ምን ያደርጉት ነበር?»

«እሱን የእህቴን ልጅ ጠይቃት» አልኩት።

አራተኛ ክፍል ሳለሽ አንዲት መልስ ብትኮርጂ ደወል እስኪደወል ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙሬ አቁሜሻለሁ። ለትምህርት ልትሄጂ ስትዪ በመረመርሽኝ ጊዜ ግን ቀኝ ዓይኔ ደብዝዞ ነበር። ሰሌዳውን ተራ ስጠብቅ በግራው አይቼ በቃሌ ይዤው ነበር። ብወድቅ ጉዞሽን እንደምትተዪ አውቅ ነበር። ይህ የምክንያቴ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ፣ በዕድሜዬ ፈተና ወድቄ አላውቅም። አንቺም «አክስቴ፣ ዓይንዎ የኮረዳ ነው» ብለሽ ሳምሽኝ።

የሚያናድደኝ ይህ ነው። ሕፃናት ሰሌዳውን ይሸመድዱታል፣ ስለዚህ ሁልጊዜ እገለብጠዋለሁ ያልሽኝ ራስሽ ነሽ። ታዲያ ለእኔ ምነው ሳትገለብጪው ቀረሽ? መልሱን ስለማውቀው ደግሞ ይብስብኛል፤ አክስትሽ እንደማትኮርጅ ያስተማርኩሽ እኔው ነኝ።

በቀኝ ዓይኔ የማየው ነገር መሐሉ ጠፍቷል፤ አይመለስም ተብያለሁ። ግራውም ጀምሮታል፤ እሱን ለማትረፍ ወጣቱ በየወሩ መርፌ ይወጋኛል። እጁ ቀላል ነው። ስለዚህ ትምህርትሽን አቋርጠሽ ብትመጪ ያንን ቀጥ ያለ በር አልከፍትልሽም።

ጨርሰሽ ስትመጪ ግን ወንበሩ ላይ አስቀምጪኝ፤ እንደማታውቂኝ ሆነሽ ሰሌዳውን ገልብጪው። ዳግመኛ ከኮረጅኩ፣ ግድግዳው የት እንዳለ አንቺም ታውቂያለሽ።

የኮረጀችው አክስትሽ