ከሞተሩ ጀርባ ለተሸጎጠችው ቡሎን ባለቤት

ለተከበሩ የመኪናዬን ሞተር ለነደፉት ዋና መሐንዲስ
ባሉበት አገር

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ እርስዎንና መላ ቤተሰብዎን በጤናና በደስታ፣ በተለይም ወገብዎን ጎንበስ ብሎ መቃናት በማያስቸግረው ሁኔታ ላይ እንዲያገኝልኝ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በአዲስ አበባ ከተማ የጎፋ ሠፈር ነዋሪና የሂሳብ መምህር ስሆን፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና በሕይወት አለሁ።

ደብዳቤውን በአማርኛ በመጻፌ አስቀድሜ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ከመኪናዋ ጋር የደረሰኝ የጥገና መጽሐፍ በእርስዎ ቋንቋ ብቻ የተጻፈ በመሆኑ፣ እኔ ያን መጽሐፍ የተረዳሁትን ያህል እርስዎም ይህን ደብዳቤ ከተረዱልኝ ተካክለናል ማለት ነው። ለሁሉም ግልጽ ያደረግኩትም አድራሻዎን ስለማላውቅና ነገሩን ያየው የሠፈሬ ሕዝብ ሁሉ የእርስዎን መልስ ለመስማት ስለጓጓ ነው።

መኪናዋን የገዛኋት ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ አገር መምህር ነው። ትንሽ፣ ዘመናዊና ቆንጆ ናት፤ ኮፈኗን ከፍቶ ያላያት ሰው ሁሉ ይወዳታል። እርስዎ ሞተሩን እንደ ድሮዎቹ በቁመት ማስቀመጡን ንቀው በወርዱ አጋደሙት፤ ዲናሞውንና ካርቡራተሩን ቱቦውንም ሁሉ በዙሪያው ጠቀጠቁት፤ ሲያበቁም መኪናዋን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ከሞተሩ ጀርባ፣ ከላሜራው ጋር አጣብቀው ሸጎጡት። እንዲህ ያለ ቁጠባ የተማርነው ከዘይትና ከሳሙና እጥረት የተነሳ እኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እናንተም አገር ቦታ በራሽን ነው።

ሞተሪኖው ከፋሲካ ወዲህ ሞቷል። በየጠዋቱ መኪናዋን የሚያስነሱልኝ ጎረቤቶቼ ናቸው፤ እነሱ ይገፋሉ፣ እኔ ማርሽ አስገባለሁ፣ ከዚያ እጄን በመስኮት አውጥቼ አመሰግናለሁ። በዚህ ሁኔታ ዕድሜ ልኬን ብኖር ባልከፋኝ ነበር። ነገር ግን ባለቤቴ አረጋሽ የመጀመሪያ ልጃችንን የምትወልድበት ወር ገባ። ጋራዡ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ከክረምቱ በኋላ ተመለስ አለኝ። ምጥ ሌሊት ቢይዛት ደግሞ ማን ይገፋልኛል? በሰዓት እላፊ ወጥቶ መኪና የሚገፋ ጎረቤት ቢገኝ እንኳ የሚያገለግለው ለአንድ ሌሊት ብቻ ነው። ስለዚህ እኔው ራሴ ላበጀው ቆረጥኩ፤ ቅሬታዎቼም ከዚህ ይጀምራሉ።

አንደኛ፤ የጥገና መጽሐፉን ይመለከታል። ያስነበብኳቸው የትምህርት ቤታችን የቋንቋ መምህር እንዳስረዱኝ፣ ሞተሪኖውን ለማውረድ ሁለት ቡሎን መፍታት ብቻ ይበቃል፤ ሥራውም ቀላል ነው ተብሏል። በሥዕሉ ላይ ቡሎኗን የምትፈታ አንዲት ንጹሕ እጅ አለች። ይህች እጅ ክንድ የላትም። ሥዕሉን ደጋግሜ ካየሁ በኋላ ነው ምስጢሩ የገባኝ፤ ክንድ የሌላት እጅ በእርግጥም ከዚያ ቦታ ትገባለች። ለሐቀኝነትዎ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ የላይኛዋን ቡሎን ይመለከታል። የታችኛዋ ከመኪናው ሥር ተኝቼ ስለፈታኋት በእሷ ላይ ቂም የለኝም። የላይኛዋ ግን በዓይን አትታይም፣ በጣት ጫፍ ብቻ ትዳሰሳለች፤ ቁልፍ ቢደርስላትም የምትዞረው የጤፍ ፍሬ ታህል ነው። በእኛ ሠፈር ኮፈን ተከፍቶ እያየ ምክር ሳይሰጥ የሚያልፍ ሰው እንደ ባለጌ ስለሚቆጠር፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ቆመልኝ። የቀድሞው የከባድ መኪና ሾፌር ጋሽ ከበበው በእርሳቸው ጊዜ በነበረው ካሚዮን ሰው ኮፈን ውስጥ ገብቶ ምሳውን ይበላ እንደነበር ነገሩኝ። ጎረቤቴ ላቀው ሞተሩን ጠቅላላ እንዳወርደው መከረኝና፣ ማውረዱን ሳያግዘኝ ሄደ።

ሦስተኛ፤ ይህኛው ረዘም ስለሚል ትዕግሥትዎን እለምናለሁ። ዝናቡ የቤቴን መግቢያ ጭቃ ስላደረገው፣ መኪናዋን አስገፍቼ ደረቅ ወደሆነው የቀበሌው ሜዳ ዳር ወስጄ አቆምኳት። ቀኑ እሑድ ነበር፤ እሑድ ጠዋት በዚያው ሜዳ የቀበሌ ስብሰባ አለ፤ ከስብሰባ የቀረ ሰው ከኅብረት ሱቅ ስኳርና ሳሙና ሲያምረው ይቀራል። ስብሰባው ሳይጀመር እጨርሳለሁ ብዬ ቀኝ እጄን በቱቦውና በላሜራው መካከል አሾልኬ አስገባሁ። ቡሎኗን አገኘኋት፤ ላላችልኝም። ደስታዬ አጭር ነበር፤ የገባው እጅ አልወጣ አለ። ስጎትተው አበጠ፣ ሲያብጥ ይበልጥ ተቀረቀረ፤ በዚህ መሐል ሕዝቡ ተሰብስቦ ስብሰባው ተከፈተ።

ሊቀመንበራችን ጓድ ሞልቱ ስለ ቀበሌያችን የተበላሹ ቧንቧዎችና የተገነጠሉ በሮች ሰፊ ንግግር ካደረጉ በኋላ፣ የጥገና ኮሚቴውን በፈቃደኝነት የሚመራ ጓድ እጁን እንዲያወጣ ጠየቁ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ማየት ጀመረ። እኔ ደግሞ በዚያች ቅጽበት የሚያላቅቀኝ ሰው ፍለጋ፣ ቁልፍ የያዘውን ግራ እጄን ከፍ አድርጌ አውለበልብ ነበር። ጓድ ሞልቱ አዩኝ። ጭብጨባው ቀለጠ፤ ያለ አንድ ተቃውሞ በሙሉ ድምፅ ተመረጥኩ። ይባስ ብሎ መሣሪያውን ይዞ የመጣ ቆራጥ ጓድ ተብዬ ተመሰገንኩ። እጁን እንደ ልቡ ማንቀሳቀስ ሳይችል ሥልጣን ላይ የወጣ ሰው እኔ የመጀመሪያው እንዳልሆንኩ በማሰብ ተጽናናሁ።

ጭብጨባው ገና ሳያባራ አረጋሽ ጎረቤታችንን ወይዘሮ ገበያነሽን ተደግፋ በሜዳው በኩል ስትመጣ አየኋት። ምጧ ጀምሯት ነበር።

ክቡር መሐንዲስ፣ እዚህ ላይ ቁጥር መስጠቴን አቁሜአለሁ። ሚስቱ ስታምጥ እጁ ሞተር ውስጥ የተያዘ ሰው ስንተኛው ቅሬታ ላይ እንደደረሰ አይቆጥርም። አረጋሽ አጠገቤ ደርሳ ኮፈኑን ተደግፋ ቆመች፤ ያገባችው እኔን ይሁን መኪናዋን እንድነግራት በእርጋታ ጠየቀችኝ። ወይዘሮ ገበያነሽ ሮጠው የወሩን የራሽን ዘይታችንን አመጡና ጠርሙሱን ገልብጠው እስከ መጨረሻው ጠብታ ክንዴ ላይ አፈሰሱት። እጄም ወጣ፤ ቆዳው ግን ግማሹ እርስዎ ዘንድ ቀርቷል።

ከዚያ የስብሰባው ሕዝብ እንዳለ ተነስቶ መኪናዋን ገፋ፤ ይህም አዲሱ የጥገና ኮሚቴ ያከናወነው የመጀመሪያ ሥራ ተብሎ ተመዘገበ። ጓድ ሞልቱ ራሳቸው ካፖርታቸውን አውልቀው ከኋላ ገፍተዋል፤ ለዚህ ውለታቸው ያለ ምንም ቧልት አመሰግናቸዋለሁ። ሞተሩ ተነሳ። ቀኝ እጄ ስለማይታዘዝ መሪውን በግራዬ ያዝኩ፤ ማርሹን የምትቀይረው አጠገቤ የተቀመጠችው አረጋሽ ነበረች። እኔ ፍሪሲዮን ስረግጥ እነግራታለሁ፣ እሷ ታስገባለች፤ ምጡ ሲመጣባት ደግሞ ማርሹን ጭምድድ አድርጋ ስለምትይዘው፣ በያዝነው ማርሽ ዳገቱን እያቃሰትን እንወጣለን። ፈርቼ ነበር። ሞተሩ መንገድ ላይ ቢጠፋ የሚገፋኝ ሰው እንደሌለ፣ ልጄ እዚያው ወንበሩ ላይ ልትወለድ እንደምትችል፣ ከዚያ የባሰም ሊመጣ እንደሚችል አውቅ ነበር። እንዲያ ፈርቼ አላውቅም። ትራፊክ ፖሊሱ እንድቆም ፊሽካ ሲነፋብኝም አልቆምኩም፤ ከኋላ የተቀመጡት ወይዘሮ ገበያነሽ በመስኮት ብቅ ብለው ምን እንዳሉት አላውቅም፣ ግን ራሱ መንገድ አስለቅቆልናል።

ሆስፒታል ደረስን። ሴት ልጅ ተወለደች፤ እናትም ልጅም ደህና ናቸው።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ለጥበብዎ፣ ለቁጠባዎና በተለይም ለዚያች ላሜራ ያለኝን ምስጋና ደግሜ እየገለጽኩ፣ አንድ ቀን ጎፋ ብቅ ብለው ቡሎኗን በገዛ እጅዎ እንዲፈቱልኝ በአክብሮት እጋብዝዎታለሁ። ማረፊያና ቀለብ በእኔ ነው፤ ዘይቱን ግን ይዘው ይምጡ።

በጭብጨባ ብዛት ለተሾመ ሰው በሚገባ ትሕትና፣ ጥፍሩ ውስጥ ግሪስ እንደያዘ ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሳዎ፣

አባይነህ ወጋየሁ
የሂሳብ መምህር፣ የቀበሌው የጥገና ኮሚቴ ሊቀመንበር
ጎፋ፣ ሰኔ 1972 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፤ አዋላጇ ልጄን ስታቀብለኝ ቀኝ እጄ እስከ ክርኑ በፋሻ ተጠቅልሎ ነበር። በእኛ አገር ሰው ከሰው እጅ የሚሰጠውን ነገር፣ ብርጭቆ ውሃ እንኳ ቢሆን፣ በሁለት እጁ ነው የሚቀበለው፤ በአንድ እጅ መቀበል ንቀት ነው። እኔ የመጀመሪያ ልጄን በአንድ እጄ ተቀበልኩ፤ አዋላጇም እንዳልጥላት ሰግታ ከሥር ደግፋ ያዘችልኝ። ሌላውን ሁሉ በሳቅ አልፌዋለሁ፤ ይህን ግን ይቅር አልልዎትም።